ሄግዮንግ ባሏን ከዳች የምትሉ፣ እስኪ እዚህ ኑ

ወለተ_ታሪክ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰሞኑን የኮሪያ ታሪካዊ ድራማ በተነሣ ቁጥር አንድ ዓይነት አስተያየት አያለሁ። «ሚስቱ ናት ያስገደለችው»፣ «ለልጇ ዙፋን ስትል ባሏን ሸጠች»፣ «አንጀት የሌላት»። የምታወሩት ስለ እመቤት ሄግዮንግ ነው። የአልጋ ወራሹ ሳዶ ሚስት፣ የንጉሥ ጆንግጆ እናት። በዚህች ሴት ጉዳይ ዝም ማለት አልችልም። በእጇ የጻፈችውን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ መከራከር የፈለገ ከዚያ በኋላ ይከራከር። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደችው በ1735 ነው፣ በዛሬዋ ሴኡል። አገሩ ጆሶን ይባል ነበር። ቤተሰቧ የፑንግሳን ሆንግ ነው፤ ትልቅ የመኳንንት ዘር። ከአያት ቅድመ አያቶቿ መካከል የንጉሥ ልጅም ነበረች። ስም እንጂ ገንዘብ ግን አልነበራቸውም። አባቷ ሆንግ ቦንግሃን ያኔ የመንግሥቱን ትልቅ ፈተና እንኳ ገና አላለፈም።

በ1743 ለአልጋ ወራሹ ሚስት መፈለግ ተጀመረ። ደንቡ ጥብቅ ነው። መኳንንቱ ሴት ልጆቻቸውን ያስመዘግባሉ፣ ልጆቹ ቤተ መንግሥት ይቀርባሉ፣ በሦስት ዙር ይጣራሉ። እናቷ ለመጀመሪያው ዙር የሚያለብሳት አጣች። ለሞተችው ታላቅ እህቷ መዳሪያ ተብሎ የተቀመጠ ጨርቅ ነበር፤ ከእሱ ቀሚስ ሰፋችላት። ገበሩን ከአሮጌ ልብስ አወጣች። የቀረው በብድር ተሟላ። ልጅቷ በዚያ ቀሚስ ገብታ ተመረጠች።

ከመመረጧ በፊት የሆነ ነገር አለ፣ እኔን ሁሌም የሚነካኝ። አንዲት ዘመዷ የሚያምር ቀይ ቀሚስ ለብሳ ትመጣለች። እናቷ «አንቺስ እንዲህ ያለ ብትለብሺ አትወጂም?» ስትላት፣ «ቢኖረኝ እለብስ ነበር፤ አዲስ ይሠራልኝ ግን አልልም» ብላ መለሰች። የቤቱን ችግር ታውቃለች። ቤተ መንግሥት ልትገባ ስትል እናቷ ያን ቀሚስ ሠርታ አመጣችላት። እዚያ ከገባሽ የእኛን ልብስ አትለብሺም፣ ሳትሄጂ ላልብስሽ ብላ አለቀሰች። ልጅቷም ለብሳው አለቀሰች።

በ1744 ተዳረች። እሷም ሳዶም ገና ዘጠኝ ዓመታቸው ነበር። እኩያሞች ናቸው። አብረው መኖር የጀመሩት ከዓመታት በኋላ ነው፤ እስከዚያ ሥራዋ ምራት መሆን ነበር። ማለዳ ተነሥታ፣ በሙሉ ልብስ፣ ለትልቋ ንግሥት፣ ለንግሥቲቱና ለባሏ ወላጅ እናት ለእመቤት ሶንሂ እጅ መንሣት። ክረምት ከበጋ አልቀረችም። ሞግዚቷ እንድትቀሰቅሳት አደራ ትላት ነበር።

አሁን ወደ ንጉሡ እንምጣ። ያለ እሱ ነገሩ አይገባም።

ንጉሥ ዮንግጆ የመጀመሪያ ወንድ ልጁ በ1728 ሞቶበታል። ሳዶ ሲወለድ ዕድሜው አርባን ተሻግሯል። ደስታው ወሰን አልነበረውም። በዚህም የተነሣ ሕፃኑን በመቶ ቀኑ ከእናቱ ነጥሎ ለአልጋ ወራሽ የሚገባ የራሱ ቤት ውስጥ አስቀመጠው። ያሳደጉት ቀድሞ የሌላ ንጉሥ ቤት ያገለገሉ ሴቶች ናቸው። እናትና አባት መምጣት እየቀነሱ ሄዱ። ሄግዮንግ የነገሩን ሥር እዚህ ላይ ታደርገዋለች።

ልጁ አድጎ አባቱ ፊት ሲቆም መናገር ያቅተው ጀመር። አባትየው ፈጣን፣ ነገር አጥባቂ። ልጁ ቀስ ያለ፣ ደንጋጣ። ንጉሡ በሰው ፊት ያዋርደዋል። ንጉሡ ክፉ ነገር ከሰማ ጆሮውን የመታጠብ ልማድ ነበረው። ወደ ልጁ ደጅ ብቅ ይልና «በልተሃል?» ይለዋል። ልጁ ይመልሳል። ያን መልስ እንደሰማ እዚያው ጆሮውን ይታጠባል። ውሃውን ደግሞ እሷንም ወደማይወዳት ወደ ሴት ልጁ ወደ ህዋህዮፕ ግቢ ይደፋዋል። ይህ በየጊዜው ይደጋገም ነበር።

በ1749 ሳዶ በአባቱ ስም ጉዳይ እንዲያይ ተደረገ። በራሱ ቢወስን «ሳትጠይቀኝ?» ይለዋል፤ ቢጠይቅ «ይህን ታህል ነገር ራስህ አትጨርስም?» ይለዋል፤ ድርቅ ሲመጣ «አንተ ምግባር ስለሌለህ ነው»። በ1752 ክረምት ንጉሡ ዙፋኔን እለቃለሁ ባለ ጊዜ ልጁ በረዶ ላይ ተንበርክኮ ሲለምን ዋለ። በረዶው ለብሶት ሰውየውና መሬቱ አይለዩም ነበር ትላለች።

ከ1757 ጀምሮ ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ ሆነ። ሁለቱ የሚጠለልባቸው ንግሥቶች በአንድ ዓመት ሞቱ። ሳዶ ሰው መግደል ጀመረ። የመጀመሪያው አንድ ጃንደረባ ነው፤ የሰውየውን ራስ ቆርጦ ይዞ ገብቶ ለቤቱ ሴቶች አሳየ። ሄግዮንግ የተቆረጠ የሰው ራስ ያየችው ያኔ ነው። ከዚያ ብዙ አገልጋይ ሞተ። በ1761 የወለደችለትን ቁባቱን ልብስ ስታለብሰው ደብድቦ ገደላት። ለሄግዮንግ ራሷ የጨዋታ ሰሌዳ ወርውሮባት ግራ ዓይኗ ለጥቂት ነው የተረፈው።

በጁላይ 4, 1762 ንጉሡ ልጁን ጠርቶ እህል ማስቀመጫ ሣጥን ውስጥ እንዲገባ አዘዘው። ሳዶ ገባ። ክዳኑ ተዘጋ። የበጋ ሙቀት ነው። በስምንተኛው ቀን ሞተ። 27 ዓመቱ ነበር።

እንግዲህ ንገሩኝ። ይህች ሴት ምን ማድረግ ነበረባት?

ድራማ_ወዳጅ፦

በመጀመሪያ፣ እጅሽ ይባረክ። እኔ ከድራማ ያየኋት ሁሌ ፊቷ የማይነበብ፣ ቀዝቃዛ ሴት ሆና ነው። ስለ ኮፍያው የሚባለውስ እውነት ነው? ባሏ ሊሞት ሲሄድ ኮፍያ ከለከለችው ይባላል።

ወለተ_ታሪክ፦

እውነት ነው። እሱንም የምናውቀው ራሷ ስለጻፈችው ነው። ይህን ልብ በይ። ሌላ ሰው አልነበረም።

በዚያን ቀን ሳዶ ሊጠራ እንደሆነ አውቋል። ዓይኑ ወድቋል፣ ድምፁ ለስልሷል። የልጁን የክረምት ኮፍያ እንድታስመጣለት ጠየቃት። ወባ ይዞኛል ብሎ ሊያመካኝ ነው። እሷ «የልጅህ ትንሽ ናት፣ የራስህን አድርግ» አለች። እሱ ዞር ብሎ አያት። አንቺ የምታስፈሪ ሰው ነሽ፤ ከልጅሽ ጋር ረጅም ዕድሜ ልትኖሪ አስበሻል፣ እኔ ዛሬ ልሞት ስለሆነ የልጁ ኮፍያ መጥፎ ዕድል እንዳይነካው ነው አላት። እሷ እንዲህ ያለ ሐሳብ አልመጣባትም ነበር። ደነገጠች፣ የልጁን ኮፍያ አምጥታ ሰጠችው። እሱ አልፈልግም አለ።

ከባሏ ጋር የተለዋወጠችው የመጨረሻ ቃል ይህ ነው። ማንም አይቶ አይመሰክርባትም። ትታው ብታልፍ ማን ያውቅባታል? ጻፈችው። ስሟን ለማሳመር ብቻ የሚጽፍ ሰው ይህን ገጽ አይጽፍም።

ከዚያ በኋላ ያለውም አለ። በሩ አጠገብ ቆማ ድምፁን ሰምታለች። «አባቴ ሆይ አጠፋሁ፣ ከእንግዲህ ያልከኝን ሁሉ አደርጋለሁ፣ መጽሐፌንም አነባለሁ፣ ይህን አታድርግብኝ» ሲል። ራሷን ልታጠፋ ቢላ አንሥታ ነበር፤ ቀሟት። የዘጠኝ ዓመት ልጇ አያቱን ሲለምንም ሰምታለች። ልጁን ጎትተው አወጡት።

ነገር_በማስረጃ፦

ወለተ ታሪክ፣ አጻጻፍሽን አከብራለሁ። ግን አንድ ወገን ብቻ ነው የሰማነው። እስኪ እኔም ልናገር።

አንደኛ፣ አባቷ ተራ ሰው አልነበረም። ልጁ ቤተ መንግሥት ከገባች በኋላ ተሹሞ ተሹሞ የመንግሥቱ ዋና ባለሥልጣን ሆኗል። ንጉሡን የሚደግፈው የኖሮን ወገን ሰው ነው፤ ኖሮን ማለት እርስ በርስ ከሚባሉት የመኳንንት ወገኖች አንዱ ነው። ሳዶ በዚያ ወገን አይወደድም ነበር የሚሉ አሉ። ሁለተኛ፣ ሣጥኑን ያመጣው አባቷ ነው ተብሎ ተከሷል። ሦስተኛ፣ የጻፈችው መቼ ነው? በ1795፣ በ1801፣ በ1802 እና በ1805። ባሏ ከሞተ ከ30 ዓመት በላይ ካለፈ በኋላ! አብዛኛውን የጻፈችው ደግሞ ቤተሰቧ ሲወነጀል ነው። ይህ ምስክርነት ሳይሆን የጠበቃ ጽሑፍ ነው። «ባሌ አእምሮውን ታሞ ነበር» ማለት ለእነሱ ይጠቅማል። ሰው ታሞ ከሆነ ማንም አላሴረበትም ማለት ነው።

ወለተ_ታሪክ፦

ነገር በማስረጃ፣ ይህን ክርክር የሚያነሡ የታሪክ ሰዎች ኮሪያም ውስጥ አሉ። ስለዚህ በቁም ነገር ልመልስ።

ለቤተሰቧ ጽፋለች። አልደበቀችውም። የመጀመሪያውን የጻፈችው ለወንድሟ ልጅ ነው፣ የቤቱ ታላቅ ስለሆነ። ምክንያቱንም ከመጀመሪያው ትናገራለች። ቤተ መንግሥት ከገባች ጀምሮ ከወላጆቿ ጋር ጠዋት ማታ ይጻጻፉ ነበር። ግን አባቷ አስጠንቅቋት ነበር፦ የውጭ ደብዳቤ በቤተ መንግሥት ውስጥ እንዳይበተን፣ የእሷም ጽሕፈት ውጭ እንዳይቀር። መልሷን እዚያው በመጣው ወረቀት ላይ ትጽፋለች። እናቷ ተቀብላ ታነባለች፣ ከዚያ ወረቀቱ ይሰበሰብና ቀለሙ በውሃ ይታጠባል። የሃምሳ ዓመት ደብዳቤ በዚህ ሁኔታ ጠፋ። የወንድሟ ልጅ «በእጅሽ የተጻፈ ነገር ለቤታችን ይቅር» ብሎ ለመናት።

አሁን ሌላውን መታጠብ ስማ። በ1776፣ ንጉሥ ዮንግጆ ሊሞት ጥቂት ሲቀረው፣ የልጅ ልጁ ለመነው። የንጉሡ ጽሕፈት ቤት በየቀኑ ከሚመዘግበው ላይ ስለ አባቴ ሞት የተጻፈው ይሰረዝልኝ አለ። ንጉሡ ፈቀደ። ወረቀቱ ወደ ወንዝ ተወስዶ ታጠበ። ልጅ የአባቱን ውርደት ማጥፋቱ ነው፤ አልፈርድበትም። ውጤቱ ግን አስበው። የ1762ቱን ጉድ ከውስጥ ሆኖ በዝርዝር የሚነግረን የእሷ ጽሑፍ ሆነ።

«ታሞ ነበር» የሚለውን እሷ ፈጠረችው ለሚለው፣ ሳዶ ራሱ ለአማቱ የጻፋቸው ደብዳቤዎች ጃፓን ውስጥ ተገኝተዋል። ጭንቀቱን ይናገራል፣ መድኃኒት በምስጢር ይጠይቃል። ገና በወጣትነቱ የጻፋቸው ናቸው። ይህን ሚስቱ አልጻፈችውም።

ሣጥኑን በተመለከተ ክሱን ታውቀዋለች። በዚያ ሰዓት አባቴ እዚያ አልነበረም ብላ ትመልሳለች። ላታምናት ትችላለህ።

ግን በ1805 የጻፈችውን አንብበው። ሁለት የሚወራ ነገር አለ፣ ሁለቱም ሐሰት ነው ትላለች። አንዱ «ንጉሡ ትክክል ነው፣ ልጁ ወንጀለኛ ነበር» የሚል። ሌላው «ልጁ ምንም አልነበረበትም፣ በሐሰት ወሬ ተገደለ» የሚል። በዚያን ጊዜ አንዱን ወገን መያዝ ይጠቅማል። ንጉሡን ብትደግፍ የኖሮን ሰዎች ይወዷታል። ባሏን ንጹሕ ብታደርግ የልጅ ልጇ ንጉሥ ክብር ያገኛል። እሷ ባሌ ታሞ ሰው ገድሏል፣ ያሳመመው ደግሞ የአባቱ አያያዝ ነው፣ መጨረሻውም አማራጭ ያልነበረው መከራ ነው አለች። ከሁለቱም ወገን የሚያጣላ ቃል ነው። ጠበቃ እንዲህ አይጽፍም ወንድሜ።

ነርስ_ማርታ፦

ክሩን ከሥራ መልስ በአንድ ትንፋሽ አነበብኩት። በአእምሮ ሕክምና ክፍል ነው የምሠራው። ከ250 ዓመት በፊት የሞተን ሰው «ሕመሙ ይህ ነው» ማለት አልፈልግም፣ ማንም ቢል አላምነውም። ግን የልብሱ ነገር አልለቀቀኝም። ወለተ ታሪክ እባክሽ ስለሱ ጻፊ፣ ሰዎች አያውቁትም።

ያየሁትን ልናገር። የታማሚ ሚስት ወይም እናት ስትመጣ የምትናገረው ዝርዝር ነው። ምን ሰዓት ላይ እንደሚጀምረው፣ ምን ካየ እንደሚብስበት፣ ምን ካደረጉለት እንደሚቀለው። አብሮ የኖረ ሰው ብቻ ነው እንዲህ የሚያውቀው። ሰው ሠራሽ ታሪክ ጥቅል ይሆናል፤ «አበደ» ይላል፣ ያልፋል።

ወለተ_ታሪክ፦

ማርታዬ ልክ ነሽ። ሳዶ ልብስ መልበስ አቃተው። እንዲሁ ስንፍና አይደለም። አንድ ልብስ እንዲለብስ አሥር፣ ሃያ፣ አንዳንዴም ሠላሳ ተዘርግቶ ይዘጋጅለታል። አንዳንዱን ለመናፍስት ብሎ ያቃጥላል። አንዱን ደህና ከለበሰ እስኪያልቅ አያወልቀውም። በዚያ መሃል አልባሹ ትንሽ ከተሳሳተ ይሞታል። ከቤት መውጣት ማለት ልብስ መቀየር ነው፣ ልብስ መቀየር ማለት ደግሞ አባቱ ፊት መቅረብ ሊሆን ይችላል።

ነጎድጓድም ይፈራ ነበር። ከልጅነቱ አንድ የአስማት መጽሐፍ አንብቦ የነጎድጓዱ አምላክ ይታየኛል ይል ጀመር። ሰማይ ሲያጉረመርም ጆሮውን ይዞ መሬት ላይ ይደፋል። የመጽሐፉን ስም የሚይዝ ጌጥ እንኳ መንካት ተወ። አንቺ እንዳልሽው፣ ይህን በሩቅ ያለ ሰው አይጽፈውም።

አባ_መላ፦

ልጆቼ፣ ጥሩ ውይይት ነው። አንድ ነገር ግን አደራ። ንጉሥ ዮንግጆን ጭራቅ አድርጋችሁ አትተዉት። 52 ዓመት ነግሠዋል። ገበሬው በየዓመቱ ለወታደር ግብር ሁለት ጥቅል ጨርቅ ይከፍል ነበር፤ በ1750 ወደ አንድ አወረዱለት። ወገን ለይቶ የሚባላውን መኳንንት ከየአቅጣጫው እየሾሙ ለማስታረቅ ሞክረዋል። ጨካኝ የምርመራ ቅጣቶችን ከልክለዋል። ራሳቸው ቀለል ያለ ይበሉ፣ ይለብሱ ነበር።

የእናታቸው ነገርም አለ። እናታቸው ከቤተ መንግሥት ሎሌ የወጡ ሴት ናቸው። ወንድማቸው ንጉሥ በ1724 ሲሞት «መርዞት ነው» የሚል ወሬ ዕድሜ ልካቸውን ተከተላቸው። ስለዚህ ራሳቸውን እንከን የሌለው ንጉሥ ማድረግ ነበረባቸው፤ ልጃቸውም እንዲሁ። ይህ ለልጃቸው ያደረጉትን ትክክል አያደርገውም። ግን እመቤት ሄግዮንግ ራሳቸው አማታቸውን በጥላቻ አልጻፏቸውም። ያን ስታነቡ አስተውሉ።

ወለተ_ታሪክ፦

አባ መላ፣ እግዜር ይስጥልኝ። በጣም ትክክል ነዎት። እሷም የምትለው ይህንኑ ነው፤ የአገር አባት ሆኖ ልጁን ያልቻለ ሰው።

ድራማ_ወዳጅ፦

አንድ ያልገባኝ፦ ባሏ ከሞተ በኋላ ለምን እዚያው ቀረች? ወላጆቿ ቤት መሄድ አትችልም ነበር?

ወለተ_ታሪክ፦

በዚያው ቀን ተልካለች። የወንጀለኛ ሚስት ቤተ መንግሥት መቀመጥ አይገባትም ብላ ለንጉሡ ራሷ ጻፈች፣ ከልጆቿ ጋር ወደ አባቷ ቤት ተሸኘች። ግን መቅረት አትችልም። ልጇ ሳን፣ በኋላ ንጉሥ ጆንግጆ የተባለው፣ የዙፋኑ ወራሽ ነው። ሌላ ወንድ ልጅ የላትም፤ የመጀመሪያ ልጇ ኡይሶ ሁለት ዓመት እንኳ በወጉ ሳይሞላው በ1752 ሞቷል። ሳን የተወለደውም በዚያው ዓመት ነው። ሁለት ሴቶች ልጆችም አሏት። እሷ ብትሞት ወይም ብትርቅ ልጁን የሚጠብቅ የለም። ሣጥኑን ባዘዘ ንጉሥ እጅ ውስጥ ያለ ልጅ ነው።

ስለዚህ የሠራችውን ስሚ። በዚያው ዓመት መጸው ላይ ንጉሡን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አገኘችው። ሆድ ይፍጀው ብላ «እኔም ልጄም በሕይወት ያለነው በእርስዎ ቸርነት ነው» አለችው። ንጉሡ እጇን ይዞ አለቀሰ። ፊትሽን ማየት ፈርቼ ነበር፣ አንቺ ግን አቀለልሽልኝ አላት። ከዚያ ልጄን ይውሰዱት፣ በእርስዎ ቤተ መንግሥት ከእርስዎ ጋር ይደግ አለችው። «መለየቱን ትችይዋለሽ?» አላት። የኔ ናፍቆት ትንሽ ነገር ነው፣ ከእርስዎ መማሩ ይበልጣል አለች።

ድራማ ወዳጅ፣ ይህንን ነው «ለሥልጣን» የሚሉት። ባሏን በገደለው ሰው እጅ ልጇን አስገባች፤ ምክንያቱም ንጉሡ ልጁን በየቀኑ ካየው ይወደዋል፣ ከራቀው እንደ አባቱ ይጠላዋል። የባሏን ጥፋት ያመጣው መራቅ ነው ብላ ታምናለችና። ሠራላት። ልጁ ሌሊቱ ሳይነጋ ተነሥቶ ይጽፍላት ነበር፤ መልሷ እስኪደርሰው ልቡ አያርፍም።

በ1764 ሌላ ዱላ መጣ። ንጉሡ ሳንን በሕግ ከልጅነቱ ለሞተው የበኩር ልጁ ለህዮጃንግ ልጅ አደረገው፣ የወንጀለኛ ልጅ እንዳይባል። እሷ በሕግ የልጇ እናት መሆኗ ቀረ። ስለዚህም ልጇ ሲነግሥ የእናት ንግሥት ማዕረግ አላገኘችም። ከእሷ በአሥር ዓመት የምታንሰው የንጉሡ ሁለተኛ ሚስት ንግሥት ጆንግሱን ግን የቤቱ ትልቅ ሆና እስክትሞት ድረስ ከላይዋ ነበረች።

አቢ_ከሱዎን፦

ሰላም ሰላም። እኔ እዚህ ሱዎን ነው የምማረው፣ የጻፋችሁት ቦታ ሁሉ በአውቶቡስ የሚደረስ ነው። ትንሽ ልጨምር።

ሣጥኑ የነበረበት ቻንግግዮንግ ቤተ መንግሥት ሴኡል መሃል ነው። አዳራሹ በኋላ እንደገና የተሠራ ነው። ጃፓኖች በ1909 ግቢውን የእንስሳት ማሳያ አድርገውት ነበር፤ እንስሳቱ የወጡት በ1980ዎቹ ነው። ግቢው ጠፍጣፋ ድንጋይ ነው፣ ጥላ የለውም። በጁላይ ከሄዳችሁ እዚያ መሃል ቆማችሁ ሙቀቱን ሞክሩት። እኔ ቶሎ ወደ ጥላ ነው የሸሸሁት።

ሱዎን ግን የተለየ ነው። ጆንግጆ በ1776 ሲነግሥ በመጀመሪያው ቀን «እኔ የልዑል ሳዶ ልጅ ነኝ» ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በ1789 የአባቱን አስከሬን ወደዚህ አመጣ። ከ1794 እስከ 1796 እዚሁ ሱዎን የህዋሶንግን ግንብ አሠራ። በ1795 እናቱን የ60 ዓመት በዓሏን እንድታከብር እዚህ አመጣት። ሃን ወንዝን የተሻገሩት ጀልባ በጀልባ ተገጥግጦ በተሠራ ድልድይ ነው። እሷ በሸክም ወንበር፣ እሱ በፈረስ። መንገድ ላይ እየወረደ ይጠይቃታል፣ አጥሚት ያቀርብላታል። ጉዞው ስምንት ቀን ነው። እያንዳንዱ ሰልፈኛ፣ ፈረስ፣ የምግብ ሳሕን ሳይቀር በሥዕልና በጽሑፍ ተመዝግቦ እስከዛሬ አለ። በየመጸው ከተማው ሰልፉን እንደገና ያደርገዋል፤ የጎዳናው ሕዝብ ለጉድ ነው። ድግሱ የተደረገበት አዳራሽ ውስጥም ድግሱን የሚያሳዩ የሰው ቅርጾች ቆመዋል።

እኔን የገረመኝ መቃብሩ ነው። በጥድ ጫካ ውስጥ ነው። እሷና ሳዶ በአንድ ጉብታ ሥር ናቸው።

ወለተ_ታሪክ፦

አቢ፣ አስቀናኸኝ!

በዚያ ጉዞ ነው የባሏን መቃብር ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው። 33 ዓመት ቆይታ። እናትና ልጅ አብረው አለቀሱ። ለሕዝቡ ግን ድግስ ነው፤ ለድሆች እህል ታደለ፣ የአገሩ ሽማግሌዎች ተጋበዙ።

ጆንግጆ ዕቅድ ነበረው። ልጁ በ1804 ለዙፋን ሲደርስ ያስረክበውና እናቱን ይዞ ህዋሶንግ ይቀመጣል። ለሳዶ የንጉሥነት ክብር ለመስጠት እሱ ለአያቱ ቃል ስለገባ አይችልም፤ ልጁ ግን ይችላል። ይህን ለእናቱ ነግሯታል። በ1800 በድንገት ታሞ ሞተ። 47 ዓመቱ ነበር። የልጅ ልጇ ሱንጆ ገና ልጅ ስለነበር ሥልጣኑ በንግሥት ጆንግሱን እጅ ገባ። በ1801 የሄግዮንግ ታናሽ ወንድም ሆንግ ናክኢም ከካቶሊኮች ጋር ተነካክቷል ተብሎ ተገደለ። አጎቷ በ1776 ተገድሏል። አባቷ በክስ ብዛት ተዋርዶ በ1778 አርፏል።

ልጇን ቀብራ፣ ወንድሟን ቀብራ፣ ስድሳ አምስት ዓመት አልፏት እንደገና ወረቀት አነሣች። በኮሪያ ፊደል፣ ሴቶች በሚጽፉበት። መጨረሻውን፣ ስለ ሣጥኑ ያለውን፣ የጨረሰችው በ1805 ነው። አንባቢዋ ንጉሡ ሱንጆ እንዲሆን። የልጅ ልጇ አያቱ እንዴት እንደሞተ ሳያውቅ እንዳይቀር።

ነገር_በማስረጃ፦

ስለ ሕመሙ አሳምነሽኛል። ደብዳቤዎቹን አላውቅም ነበር።

ስለ አጎቷ ግን ልቀቂኝ። ሆንግ ኢንሃን በ1775 ምን አለ? ንጉሡ አርጅቶ ሥልጣኑን ለልጅ ልጁ ላስረክብ ሲል፣ ወራሹ ስለ መኳንንቱ ወገኖች ማወቅ አያስፈልገውም፣ ስለ ሹመትም ማወቅ አያስፈልገውም፣ ስለ መንግሥት ጉዳይማ ጨርሶ አያስፈልገውም አለ። የገዛ እህቱን... ይቅርታ የወንድሙን የልጅ ልጅ ነው የሚያግደው! እሷ ደግሞ አፉ ስቶ ነው፣ ክፋት አልነበረውም ብላ ትከላከልለታለች። እዚህ ላይስ?

ወለተ_ታሪክ፦

እዚህ ላይ አብረን ነን። ደካማው ገጿ ይህ ነው። ያ ንግግር ሦስት ነጥብ ያለው ነው፣ የአፍ ወለምታ አይመስልም። ልጇ ጆንግጆም አጎቷን ያስገደለው በዚህ ነው። እሷ በ1801 እና በ1802 የጻፈችው አብዛኛው ለቤተሰቧ መከላከያ ነው፤ እዚያ ላይ ስታነቡ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በ1795 እና በ1805 የጻፈችውን ግን ለየብቻ አንብቡት፤ ድምፁ ራሱ ይለያል።

ነርስ_ማርታ፦

ለሚጀምር ሰው የትኛውን ትመክሪያለሽ?

ወለተ_ታሪክ፦

የ1795ቱን። በዚያን ጊዜ ልጇ በሕይወት አለ፤ ስለ እናቷ፣ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ሠርጓ በሰፊው ትጽፋለች። ሳዶ ላይ ስትደርስ ዝም ብላ ታልፋለች። ከዚያ ወደ 1805ቱ ሂጂ፣ ያለፈችውን እዚያ ታገኚዋለሽ።

አቢ_ከሱዎን፦

አንድ ልጨምርና ልተኛ፣ እዚህ መሽቷል። የንግሥትነት ማዕረጓን ያገኘችው በ1899 ነው፣ ንጉሠ ነገሥት ጎጆንግ ሳዶን ከፍ ባደረገ ጊዜ። በሕይወት ሳለች እናት ንግሥት ተብላ አታውቅም። በመጪው መጸው ሰልፉን በቪዲዮ ቀርጬ እዚሁ እለጥፈዋለሁ።